የብዙ ልጆች እናት ውሎ
ከቅድስት ዜሊ ማርቲን ቤት የምናገኘው ትምህርት



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት አነስተኛ ከተማ ቁምስና ሳገለግል፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ቀርበው «አባ፣ እኔ ጸሎት ትቻለሁ» አሉኝ። እኔም ምክንያታቸውን ሳልጠይቅ፣ በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት የለመድሁትን ሥርዓት በማሰብ፣ ጎሕ ሳይቀድ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው እየተነሡ መቁጠሪያ እንዲደግሙ መከርኋቸው። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አባ፣ ከዚያ ቀድሜ ከተነሣሁማ አልተኛሁም ማለት ነው» ሲሉ መለሱልኝ። በራሴ አፈርሁ። ምክር የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ የሚመክረውን ሰው ኑሮ ማወቅ ይገባዋልና። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቤታቸው ሄጄ ውሎአቸውን እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። ስማቸውንና ሀገራቸውን ሳልጠቅስ ለሌሎች እንዳካፍለውም ፈቅደውልኛል። ይህ ትምህርት ከዚያ ጉብኝት የተገኘ ነው።

1. የአንዲት እናት ውሎ

እኒህ እናት አምስት ልጆች አሏቸው፤ አራቱ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው በፈረቃ ስለ ሆነ ሁለቱ ጠዋት፣ ሁለቱ ከሰዓት በኋላ ይማራሉ። ስለዚህ በዚያ ቤት የመሸኛውና የመቀበያው ሰዓት እጥፍ ነው፤ ቁርስ ሁለት ጊዜ፣ ምሳም ሁለት ጊዜ ይቀርባል። እናቲቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው እሳት ያነዳሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ የጠዋቶቹን ያበላሉ፣ ያለብሳሉ። ከዚያም ታናሽየውን አዝለው ወደ ጉልት ይወርዳሉ፤ ሽሮና በርበሬ ይሸጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ሮጥ ብለው ይመለሳሉ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆች የሚለብሱት የደንብ ሹራብ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከጠዋቱ ፈረቃ የተመለሰው ሲያወልቅ የከሰዓቱ ይለብሰዋል። የጠዋቱ ልጅ በመንገድ ቢዘገይ ወንድሙም አብሮ ይዘገያል።

ባለቤታቸው በግንባታ ሥራ ሩቅ ሀገር ስለሚውሉ ወደ ቤት የሚመጡት በወር አንድ ጊዜ ነው። ማታ ልጆቹ ባንድ መብራት ሥር ይሰበሰባሉ። እናቲቱ የተማሩት እስከ 5ኛ ክፍል ስለ ሆነ የትልቋን ልጅ ሒሳብ ማስረዳት አይችሉም፤ ነገር ግን የተቀደደ ልብስ እየጠቀሙ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። «የሚጽፉትን ባላውቀውም መጻፋቸውን አያለሁ» አሉኝ።

ጸሎት የተዉበት ምክንያት ግን ድካም ብቻ አልነበረም። ሦስተኛው ልጃቸው፣ የ11 ዓመቱ ልጅ፣ ደብተሩን ይዞ በሰዓቱ ከቤት እየወጣ፣ በሰዓቱም እየተመለሰ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ቆይቷል። ነገሩ የታወቀው መምህሩ መልእክት በላኩ ጊዜ ነው። ልጁ በውሰት የተሰጠው የመማሪያ መጽሐፍ ጠፍቶበት፣ ክፈል እንዳይባል ፈርቶ፣ እናቱም ገንዘብ እንደሌላቸው ዐውቆ ተደብቆ ኖሯል። ሲቈጡት አላለቀሰም፤ «ሥራ በዝቶብሽ ነው ያልነገርሁሽ» አላቸው እንጂ። እናቲቱ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቈረጠ። «አባ፣ በእኔ ቤት አድሮ፣ ከእኔ እጅ በልቶ፣ ሦስት ሳምንት አላየሁትም። በምን ፊቴ እግዚአብሔር ፊት እቆማለሁ?»

በዚያን ቀን ተገቢ መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የአንዲት ሌላ እናት ታሪክ ትዝ አለኝ።

2. ቅድስት ዜሊ ማን ናት?

ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስን የማያውቅ ምእመን በመካከላችን ጥቂት ነው። እናቷን ግን የምናውቃት ጥቂቶች ነን። ዜሊ ጌራን በ1831 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በፈረንሳይ ሀገር በኖርማንዲ ተወለደች። በወጣትነቷ ገዳም ለመግባት ብትሻም አልተቀበሏትም። ከዚያ በኋላ በምትኖርባት በአላንሶን ከተማ ስመ ጥር የሆነውን፣ በመርፌ የሚሠራውን የዳንቴል ጥበብ ተምራ በ1853 የራሷን ሥራ ጀመረች። ይህ ዳንቴል እጅግ አድካሚ ሥራ ነው፤ አንዱን ካሬ ሴንቲ ሜትር ለመሥራት 7 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ1858 ሉዊ ማርቲን የተባለውን ሰዓት ሠሪ አገባች።

ዘጠኝ ልጆች ወለደች። ከእነዚህም አራቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር፤ ኤሌን የተባለችውም ልጅ በ5 ዓመቷ ዐረፈች። የቀሩት አምስቱ ሴቶች ልጆች ማሪ፣ ፖሊን፣ ሌኦኒ፣ ሴሊንና ተሬዛ ናቸው።

ዜሊ ስለ ውሎዋ ብዙ የጻፈች እናት ናት። ለወንድሟና ለሚስቱ፣ እንዲሁም በአዳሪ ትምህርት ቤት ለነበሩት ልጆቿ የላከቻቸው ከ200 የሚበልጡ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ከቤት ሥራ ርቃ በጸጥታ የተቀመጠች ቅድስት አናገኝም። የምናገኘው ስለ ልጆች ትኩሳት፣ ስለ ልብስና ስለ ጫማ፣ ሥራው በጊዜው ስላለመድረሱ፣ ስለ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት የምትጽፍ እናት ነው። ከነድካሟ ከባለቤቷ ጋር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይደረግ በነበረው ቅዳሴ ትገኝ ነበር። ይህን ስል ግን ከላይ የሠራሁትን ስሕተት ልደግም አልሻም፤ ዜሊ የቤት ሠራተኛ ነበረቻት፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነበር። የእርሷ ሰዓት የእያንዳንዱ እናት ሰዓት ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንበል። በ1870 ሉዊ የሰዓት ሥራውን ሸጦ የሚስቱን የዳንቴል ሥራ ማገዝ ጀመረ፤ ሒሳቡንና የንግዱን መንገድ ያዘላት። በዚያ ዘመን ባል የራሱን ሙያ ትቶ የሚስቱን ሥራ ማገዙ የተለመደ አልነበረም።

3. በገዛ ቤቷ ያልታየችው ልጅ

ከአምስቱ እኅትማማቾች መካከል ሦስተኛዪቱ ሌኦኒ አስቸጋሪ ልጅ ነበረች። በሕፃንነቷ ታማሚ ነበረች፤ ትምህርት አይገባትም፤ አትታዘዝም። ታላላቆቿ ማሪና ፖሊን ወደሚማሩበት፣ አክስታቸው መነኵሲት በነበረችበት አዳሪ ትምህርት ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ተልካ፣ አልሆንላት ብሎ ወደ ቤት ተመለሰች። ዜሊ በደብዳቤዎቿ ስለዚህች ልጅ ያላትን ጭንቀት አልደበቀችም። ቍጣንም ምክርንም ሞከረች፤ አልሆነም።

በ1877 ምሥጢሩ ተገለጠ። ለብዙ ዓመታት በቤቱ ያገለገለችውና የምትታመነው የቤት ሠራተኛ፣ ሌኦኒን በስውር እያስፈራራች፣ ከእርሷ በቀር ለማንም እንዳትታዘዝ ታደርጋት ነበር። ይህን ያስተዋለችው ታላቅ እኅቷ ማሪ ናት። ከእናትየው የሥራ ክፍል ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ በአንድ ጣራ ሥር፣ አንዲት ልጅ በፍርሃት ስትኖር እናቷ አላወቀችም። ቅድስት ብለን የምንጠራት እናት አላወቀችም!

ዜሊ ይህን ባወቀች ጊዜ በጡት ነቀርሳ ታማ፣ ሐኪሞች የማይድን መሆኑን ነግረዋት ነበር። የቀሯት ወራት ጥቂት ነበሩ። ታዲያ ምን አደረገች? በጸጸት ተውጣ አልተቀመጠችም። ሠራተኛዪቱ በልጅቱ ላይ የነበራትን ሥልጣን ከለከለች፤ ሌኦኒንም ወደ ራሷ አቀረበቻት። የሌኦኒ ጠባይ በአንድ ቀን አልተለወጠም፤ ነገር ግን ከእናቷ አልለይም አለች። በሰኔ ወር ዜሊ ማሪን፣ ፖሊንንና ሌኦኒን ይዛ ወደ ሉርድ ተሳለመች፤ ፈውስ ግን አላገኘችም። ነሐሴ 28 ቀን 1877 በ45 ዓመቷ ዐረፈች። ተሬዛ ያኔ ገና 4 ዓመቷ ነበር።

ሌኦኒ ከብዙ ውድቀት በኋላ፣ ሦስት ጊዜ ገዳም ገብታ ወጥታ፣ በአራተኛው በ1899 በካን ከተማ በሚገኘው የእመቤታችን ጉብኝት ገዳም ጸናች፤ በ1941 እስክታርፍም በዚያው ኖረች። በ2015 ለቅድስና የሚያበቃት ምርመራ ተጀምሯል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 18 ቀን ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ዜሊንና ሉዊን በአንድነት ቅዱሳን ብለው አወጁ።

4. ምን እንማራለን?

ሀ) አለማወቅ ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደሚተርከው፣ እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ ልጃቸው ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄደዋል፤ ያገኙትም ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ወንጌል ይህን አልሸሸገም። እናትን የሚያስመሰግናት ሁሉን ማወቋ ሳይሆን፣ መጥፋቱን ባወቀች ጊዜ ተመልሳ መፈለጓ ነው። እመቤታችን ልጇን ባገኘችው ጊዜ ጭንቀቷን አልደበቀችም፤ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ መልሱ ባይገባትም በልቧ ጠበቀችው።

ለ) ጸሎት ከውሎው ውጪ የሚጨመር ሸክም አይደለም። በዘዳግም ምዕራፍ 6 እግዚአብሔር ወላጆች ቃሉን ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ሲያዝ፣ ያመለከታቸው ጊዜያት በቤት መቀመጥን፣ በመንገድ መሄድን፣ መተኛትንና መነሣትን ነው። እነዚህ እናት ሁሉ ያሏት ጊዜያት ናቸው። ልጅን ሲሸኙ በግንባሩ ላይ በመስቀል ምልክት ማማተብ ከአንድ እስትንፋስ አይበልጥም።

ሐ) አባት የሩቅ ተመልካች አይደለም። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ፣ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲል፣ ወላጆች ሁለቱም ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባክያን እንዲሆኑ ያስተምራል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ እናት በቤት ውስጥ የምትደክመው ድካም በሁሉ ዘንድ ታውቆ እንዲከበር አሳስበዋል። ለሥራ ርቆ የሚውል አባት እንኳ ወደ ቤት ሲመለስ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻ መነጋገር ይችላል።

መ) ልጆችን በጅምላ ሳይሆን በየስማቸው እንያቸው። ልጅ ሲበዛ፣ የሚጮኸው ይሰማል፤ የታመመው ይታያል። ዝም የሚለው ግን ደኅና ይመስለናል። ከላይ የተጠቀሰው ልጅ በሰዓቱ ወጥቶ በሰዓቱ ይመለስ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚሆን አጭር ጊዜ፣ ወደ ጉልት አብሮ በመሄድም ቢሆን፣ ከብዙ ተግሣጽ ይሻላል።

5. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

እናትን «ልጅሽ ለምን አልመጣም?» ብለን ከመውቀሳችን በፊት የትምህርታችን ሰዓት ከፈረቃው ጋር መስማማቱን እንመልከት። በክፍላችን ዝም የሚለውን ልጅ በስሙ እንጠይቀው። ሌኦኒን ያስተዋለቻት እናቷ ሳትሆን ሌላ ሰው መሆኗን አንርሳ፤ እናንተም ለአንዲት የደከመች እናት ሁለተኛ ዐይን ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ማጠቃለያ

የዜሊን ታሪክ ይዤ ወደዚያች እናት ቤት ተመለስሁ። ስጨርስ «እርሷም አላወቀችም ነበር?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ፤ ሌላ አልተናገሩም። የመጽሐፉን ዋጋ ትምህርት ቤቱ በሁለት ጊዜ እንዲከፍሉ ፈቀደላቸው፤ ልጁም ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሹራቡ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያው አንድ ነበር። ከወራት በኋላ እናቲቱ ማታ ማታ የልጆቹን ደብተር ሰብስበው ሲያስቀምጡ በእያንዳንዱ ላይ እጃቸውን ጭነው የልጁን ስም በእግዚአብሔር ፊት እንደሚጠሩ ነገሩኝና «አባ፣ ይህ ጸሎት ይባላል?» አሉኝ።

ይባላል አልኋቸው። ለሁላችሁም እናቶች የምለው ይህንኑ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ውስጥ ዝም የሚለው ልጅ ማን ነው? ለብቻው ያነጋገርነው መቼ ነው?
2. ልጃችን ያጠፋውን ነገር እንዳይነግረን የሚያደርገው ምንድን ነው? ፍርሃት ነው ወይስ ለእኛ ማዘን?
3. በቤታችን አባት ከእናት ላይ ሊያነሣው የሚችለው አንድ ሸክም የትኛው ነው?
4. ቁምስናችን የተማሪ ልጆችን እናቶች ለማገዝ ከዚህ ወር ጀምሮ ምን ሊያደርግ ይችላል?