በሌላ ሰው ስም ያለ መኪና ለምጽዋት ይሰጣል?

አንድ ምእመን ለአጥቢያው የአረጋውያን መርጃ መኪና ሊሰጥ ቁልፍና ሊብሬ ይዞ ወደ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ መጣ እንበል። ጸሐፊው ሊብሬውን ገልጦ የባለንብረቱን ስም ሲያነብ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ስም አይደለም። «ከገዛሁት ቆየሁ፤ ስም አላዞርኩም እንጂ የራሴ ነው» ይላል ሰውየው። አልዋሸም። ጸሐፊውም ቁልፉን ለጊዜው አልቀበልም ቢል አላጠፋም። ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበትን ምክንያት ለመረዳት ከመጽሐፍ እንነሣ።

በሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 24 እንደምናነበው፣ መቅሠፍት በሕዝቡ ላይ በወረደ ጊዜ ነቢዩ ጋድ ዳዊትን በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ ላይ መሠዊያ እንዲሠራ አዘዘው። ኦርና አውድማውን፣ በሬዎቹን፣ ለማገዶም የበሬዎቹን ዕቃ በነፃ ላቅርብ አለ። ዳዊት ንጉሥ ነው፤ ቢቀበል የሚጠይቀው የለም። እርሱ ግን ያልከፈለበትን ነገር ለአምላኩ እንደማያቀርብ ተናግሮ አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር ገዛ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው መሥዋዕት ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚገባ ለማስተማር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ቦታውን የመረጠው እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ የኦርና ባለቤትነት አልተሻረም። ለተቀደሰ ዓላማ ተፈልጓልና ባለቤቱ ይታለፍ አልተባለም፤ ንጉሡ ባለቤቱ ዘንድ ሄዶ ዋጋ ጠየቀ።

የወንጌሉ ቀራጭ ዘኬዎስም እንዲሁ ነው። ለድሆች የሚሰጠው ከገዛ ሀብቱ እኩሌታውን ነው፤ የበደላቸውን ግን አራት እጥፍ የሚመልሰው ለራሳቸው ለተበደሉት ነው። ባለቤቱ የሚታወቅ ገንዘብ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል እንጂ በምጽዋት ስም ወደ ሦስተኛ ሰው አይዞርም።

እንግዲህ ወደ ሊብሬው እንመለስ። በአገራችን መኪና በውክልና መሸጥና መግዛት የተለመደ ነው። ገዢው ዋጋውን ከፍሎ፣ ውክልናውን ተቀብሎ፣ ስሙን ሳያዞር ዓመታት ይነዳል። በኅሊናው ባለቤት ነው፤ ሌባም አይባልም። ሕጉ ግን ወረቀቱ ላይ የሠፈረውን ቃል ያያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተወካይ ስጦታ ለማድረግ ልዩ የውክልና ሥልጣን እንዲኖረው ይጠይቃል። ስለዚህ ውክልናው «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» ብቻ የሚል ከሆነ ለመስጠት አይበቃም። ወካዩ ከሞተ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ይቀራል፤ የሟች ወራሾችም ይመጣሉ። ያን ጊዜ መርጃው በቅን ልቡና ነው የተቀበልነው ቢል ብዙም አይጠቅመው ይሆናል፤ ሕጉ የሚከልለው በቅን ልቡና ዋጋ ከፍሎ የገዛን ሰው እንጂ በነፃ የተቀበለን አይደለም። አረጋውያኑን ሐኪም ቤት ያመላልሳል የተባለው መኪና ፍርድ ቤት ያመላልሳቸዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሻጩ በሕይወት ሳለ ፈልጎ ስሙን ማዞር፣ ከዚያ መስጠት። ወረፋውና ወጪው ያሰለቻል፤ እሱም የምጽዋቱ ክፍል ነው።

ከዚህ የሚከብደው መኪናው በእርግጥ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። አሜሪካ ያለ ወንድም ገዝቶ፣ በስሙ አስመዝግቦ፣ «ተገልገሉበት» ብሎ ለቤተሰቡ የተወው መኪና አለ። ተገልገሉበት ማለት ስጡት ማለት አይደለም። ያውም አንድ ስልክ መደወል ነው፤ ወንድምየው እሺ ካለ በረከቱን ተካፈለ፣ ውክልናም ከዚያው ይልካል። ሳይጠየቅ ቢሰጥበት ግን ከኪሱ ወጥቶ ከምስጋናው የቀረ እርሱ ነው።

ባለትዳሮችም ልብ በሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከ100 ብር በላይ ለሆነ የጋራ ንብረት ስጦታ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። ዛሬ በ100 ብር ምሳ እንኳ መብላት ያስቸግራል፤ መኪና ሲሆንማ ምን ይባል!

ተቀባዮች ደግሞ ስለ አጠያየቃቸው በመጽሐፈ ጦቢት ከምናነበው ከጦቢት ይማሩ። ዓይኑ ከታወረ በኋላ ሚስቱ ሐና እየሠራች ታኖረው ነበር፤ አሠሪዎቿ ከደመወዟ ሌላ የፍየል ጠቦት ጨመሩላት። ጦቢት ድምፁን ሲሰማ የተሰረቀ መሰለውና ለባለቤቱ መልሺ አላት። ሐና በስጦታ ያገኘችው መሆኑን ብትነግረው አላመናትም፤ ተቆጥታ ያ ሁሉ ምጽዋትህ የት አለ ብላ መለሰችለት። ንብረቱ የማን ነው ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ያጠፋው እውነቱን ከሰማ በኋላ ሰውን እንደ ሌባ መቍጠሩ ነው። ጸሐፊውም «ሊብሬው በማን ስም ነው?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ፤ መልሱን ሰምቶ ስም የሚዞርበትን መንገድ ያሳይ።

አንድ ጥያቄ ቀረ። የተሳለስ ሰው? የጌታውን ሚኒባስ የሚነዳ ሹፌር በጭንቅ ሰዓት «ከዚህ ካወጣኸኝ መኪናዋን ለቤተ ክርስቲያን» ብሎ ቢሳል፣ ስለቱ ባለመኪናውን አያስርም። በዘኍልቍ ምዕራፍ 30 በአባቷ ቤት ያለች ልጅ ስእለት እንኳ አባቷ በሰማበት ቀን ከከለከላት አይጸናም፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይላታል። ሹፌሩ ለባለመኪናው ይንገረው። እምቢ ካለ ለንስሐ አባቱ ገልጦ፣ ስለቱ በምን እንደሚለወጥ ይመካከር፤ ከገዛ ደመወዙ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከሥራ ውጭ በሆነ ሰዓት፣ ባለመኪናው ከፈቀደ፣ አረጋውያኑን በነፃ በማመላለስ።