ሰርቨር እንቢ ሲል ጥፋቱ እንዴት ይፈለጋል?

ሰርቨር ማለት ሌሎች ኮምፒዩተሮች የሚጠይቁትን ገጽ አውጥቶ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። የክበባችን ሰርቨር የሚሠራው ኤንጂንኤክስ በሚባል ፕሮግራም ሲሆን፤ ይህንንም ኢጎር ሲሶየቭ የተባለ ሩሲያዊ ጽፎ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ለሕዝብ አወጣው። ፕሮግራሙ የሚሠራው በጽሑፍ በተሰጠው ትእዛዝ ስለ ሆነ፤ ትእዛዙ ከተሳሳተ መሣሪያው ጤነኛ ቢሆንም ሥራው ይቆማል።

የወላጆች በዓል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የተማሪዎችን ሥዕሎች ለማሳየት ብዬ ትእዛዙን ለወጥሁና ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። ከዚያ ወዲያ ምንም ገጽ አልከፍትም አለ። እኔም ሳልመረምር፤ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ክፍሉን ሲጠርግ ገመዱን ነክቶታል ብዬ በሰው ፊት ተናገርሁ። ልጁ «አልነካሁም» ቢል የሰማው የለም።

የኮምፒዩተር መምህራችን ግን «እስቲ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጠህ ገጹን ጠይቀው» አሉኝ። ጠየቅሁት፤ እዚያም እንቢ አለ። ገመዱ ከሰርቨሩ ወደ ሌሎቹ የሚወስድ መንገድ ነው፤ ሰርቨሩ ለራሱ እንኳ ካልመለሰ ጥፋቱን በገመዱ ማሳበብ አይቻልም። በጣም አፈርሁ።

ቀጥለውም የትእዛዙን ጽሑፍ የሚመረምረውን የፕሮግራሙን ፈተና አስደረጉኝ። «መስመር 15 ላይ ስሕተት አለ» አለ። መስመር 15ን ግማሽ ሰዓት ያህል ባፈጥበት እንከን የለውም። ለካ የጐደለችው በመስመር 14 መጨረሻ ላይ መግባት የነበረባት ሴሚኮለን ኖራለች! ፕሮግራሙ ዐረፍተ ነገሩ ያላለቀ ስለ መሰለው ሁለቱን መስመር እንደ አንድ አንብቦ ስሕተቱን በሁለተኛው ላይ ቈጠረው። (የአማርኛውን ድርብ ሰረዝ ብትጽፉለት አይቀበልም፤ ሞክሬዋለሁ።) ደግሞም ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም ነበር። ትእዛዙን እንደ ገና እንዲያነብ ብቻ ቢነገረው፤ አዲሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ በአሮጌው ሥራውን ይቀጥላል።

ገጹ ተከፈተ፤ ሥዕሎቹ ግን አልታዩም። አንዱን ለብቻው ብጠይቅ 403 የሚል ቍጥር መጣ። በ4 የሚጀምር ቍጥር ጥፋቱን በጠያቂው ላይ፤ በ5 የሚጀምር በሰርቨሩ ላይ ያደርጋል ይባላል። 404 ገጹ የለም፤ 403 ግን አልፈቅድም ማለት ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጠያቂው ምን አጠፋ? የስሕተት መዝገቡን ብንገልጥ ፕሮግራሙ ፋይሉን እንዳይከፍት ተከልክሏል። ሥዕሎቹ ለሁሉ የተፈቀዱ ቢሆኑም የተቀመጡት በእኔ የግል ፎልደር ውስጥ ነበር፤ እርሱም ለሌላ ሰው ዝግ ነው። የውጭው በር ተዘግቶ የጓዳው ቢከፈት ምን ይጠቅማል? አንድ ጓደኛዬ «ሁሉንም 777 አድርገውና ተገላገል» አለኝ። መምህራችን ግን ይህ ማንም ገብቶ እንዲጽፍበት መፍቀድ ነው ብለው ከለከሉን። ሥዕሎቹን ወደ ሕዝብ ፎልደር አዛወርናቸውና ታዩ።

በማግስቱ ልጁን በሰልፍ ጊዜ ፈልጌ፤ በእነዚያው ሰዎች ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «ያንን ፈተና አሳየኝ» አለኝ። ዛሬ በክበባችን ሰርቨሩ አዲስ ትእዛዝ ከማንበቡ በፊት የሚፈትነው እርሱ ነው።