ህመሙ ጠፋ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም

መግቢያ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ አበው። ወደ ጥርስ ስንመጣ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ታካሚው ምንም ሳይደብቅ፣ ጥርሱ ራሱ በሽታውን የሚደብቅበት ጊዜ አለ። በዚህ አጭር ጽሑፍ በተለምዶ ሩት ካናል ስለምንለው የጥርስ ሥር ህክምና ታካሚ ማወቅ ያለበትን ለማቅረብ እሞክራለሁ። ጽሑፉ የታካሚ ትምህርት ቢሆንም መጀመሪያ የሚደርሰው ለእኛው ለተማሪዎች ነው። ታካሚው የሚያውቀው ደግሞ እኛ የነገርነውን ያህል ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ገጠመኝ አለ። ለተግባር ልምምድ ተመድቤ በነበረበት ጊዜ፣ ጉሊት የሚሸጡ አንዲት እናት መጡ። የታችኛው የግራ መንጋጋ ጥርሳቸው ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ነጭ ሽንኩርት ቢይዙበት፣ ቅርንፉድ ቢይዙበት፣ በአረቄ ቢጉመጠመጡ አልተዋቸውም። በአስተማሪዬ ክትትል ጥርሱን ከፍቼ የተቆጣውን ነርቭ አወጣሁ፣ ጊዜያዊ ሙሌት አደረግሁና ለሳምንት ቀጠርኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ አልመጡም። ከአራት ወር ገደማ በኋላ ሲመጡ ጉንጫቸው አብጧል። ጊዜያዊው ሙሌት ወድቋል፤ ጥርሱም እስከ ሥሩ ድረስ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከመንቀል ሌላ ምርጫ አልነበረንም። “እማማ፣ ምነው በቀጠሮዎ ቀሩ?” አልኳቸው። “ሲተወኝ ዳንኩ ብዬ ነዋ ልጄ! ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? ማን ነገረኝ?” አሉኝ። ካርዳቸውን ገልጬ አየሁ። በራሴ እጅ የተጻፈው “ቀጠሮ ተሰጥቷል” የሚል ብቻ ነው። ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ ለምን እንደሚመጡ ግን አልነገርኳቸውም።

1. ጥርስ ውስጡ ምን አለው?

ብዙ ሰው ጥርስን እንደ ድንጋይ ነው የሚያስበው። ከላይ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋን አለ፤ ከሱ ሥር ዴንቲን፣ መሀል ላይ ደግሞ “ነርቭ” እያልን የምንጠራው ፐልፕ ይገኛል። ፐልፕ ነርቭም የደም ሥርም ያለው ለስላሳ አካል ነው። ደሙን የሚያገኘው በሥሩ ጫፍ ላይ ባለች በጣም ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው።

ፐልፑ በሥሩ ውስጥ የሚያልፍበት ቦይ ቁጥር ከጥርስ ጥርስ ይለያያል። የላይኛው የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦይ አለው። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ ሲኖረው፣ በላይኛው ላይ ብዙ ጊዜ አራተኛ ቦይ ይገኛል። ታካሚ “ለአንዲት ጥርስ ይሄ ሁሉ ሰዓት?” ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

2. ህመሙ ለምን ይመጣል? ለምንስ ይጠፋል?

የጥርስ መቦርቦር ወደ ውስጥ እየጠለቀ ሲሄድ ጀርሞች ፐልፑ ጋ ይደርሳሉ። እጃችን ቢቆስል ያብጣል፤ ለማበጥ ቦታ አለው። ፐልፕ ግን ዙሪያውን በደረቅ ግድግዳ የታጠረ ስለሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ግፊቱ ይጨምራል፣ ነርቩ ይጨነቃል። ቀዝቃዛ ነገር ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ የማይለቅ ህመም፣ ያለምንም ምክንያት የሚነሳ ህመም፣ ጋደም ሲሉ የሚብስ ህመም የዚህ ምልክቶች ናቸው። እዚህ ደረጃ ከደረሰ ተራ ሙሌት አይበቃውም።

ከዚያስ? ፐልፑ ይሞታል። የሞተ ነርቭ አያምም። ታካሚው “ተመስገን፣ ተወኝ” ይላል። ጀርሞቹ ግን አልሄዱም፤ ባዶ ቤት አግኝተው እየተራቡ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ያልፋሉ። እዚያ መግል ሊቋጠር ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ድዱ ላይ ትንሽ ብጉር ወጥታ መግሉን ስለምታፈስ ህመም ሳይኖር ወራት ይቆያል። የጉሊቷ እናት ታሪክም ከዚህ ሩቅ አይደለም። እሳቸውን ያሳረፋቸው እኔ ነርቩን ማውጣቴ ነው፤ ቦዩ ግን ገና አልጸዳም፣ አልተዘጋም ነበር።

የነገሩ ሥር ጀርም መሆኑን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ካኬሃሺና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ነው። ከጀርም ነፃ ሆነው ያደጉ አይጦች ፐልፓቸው ተከፍቶ ሲተው ቁስሉ በራሱ ዳነ፤ የተለመደው ጀርም ባለባቸው አይጦች ግን ፐልፑ ሞተ። ስለዚህ የሩት ካናል ሥራ በአጭሩ ጀርሙን ማስወጣትና ተመልሶ እንዳይገባ በሩን መዝጋት ነው።

3. ህክምናው እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ራጅ ይነሳል፤ የሥሩ ቅርጽና የአጥንቱ ሁኔታ ይታያል። ቀጥሎ ማደንዘዣ ይወጋል። ከዚያ ራበር ዳም የሚባለው ስስ ላስቲክ ጥርሱን ብቻ አውጥቶ ይዘረጋል። ይህ ዘዴ ባርነም የተባለ የኒው ዮርክ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1864 ዓ.ም. የጀመረው ሲሆን ሦስት ጥቅም አለው፦ ምራቅ ከነጀርሙ ጥርሱ ውስጥ አይገባም፣ ማጠቢያው አፍ ውስጥ አይፈስም፣ ትንንሾቹ መሣሪያዎችም አይዋጡም። ታካሚው ለምን እንደሆነ ካልተነገረው ግን “አፈኑኝ” ማለቱ አይቀርም።

ጥርሱ ከላይ ተከፍቶ ቦዮቹ ፋይል በሚባሉ ቀጫጭን መሣሪያዎች ይጸዳሉ፣ ይሰፋሉ። የሚታጠቡት ደግሞ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ቤታችን ባለው በረኪና ውስጥም የሚገኘው ይኸው ነገር ነው። በመጨረሻ ጉታ ፐርቻ በሚባል ከዛፍ ወተት በሚገኝ ነገርና በማጣበቂያ ይሞላሉ። እንደ ጥርሱ ሁኔታ በአንድ ቀን ሊያልቅ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ቀጠሮ ሊፈልግ ይችላል።

4. ታካሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

“በጣም ያማል ይባላል፤ እውነት ነው?” ሰው የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ ከህክምናው በፊት የነበረውን ህመም ነው። በጣም የተቆጣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ በመጀመሪያው መርፌ በደንብ ላይደነዝዝ ይችላል፤ ያኔ ይጨመራል። ታካሚው ካመመው እጁን እንዲያነሳ አስቀድመን እንንገረው። ከህክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲያኝኩ መጠዝጠዝ የተለመደ ነው። እየባሰ ከሄደ ወይም ካበጠ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይምጣ።

“አሞክሳሲሊን ብቻ ብትጽፉልኝስ?” የሞተ ፐልፕ የደም ዝውውር የለውም፤ የተዋጠው መድኃኒት እዚያ አይደርስም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያም የጥርስ ህክምና ማግኘት ለሚችል ጤነኛ አዋቂ ለጥርስ ህመም ብቻ ተብሎ አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ መክሯል። ትኩሳት ካለ ወይም እብጠቱ እየተስፋፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እብጠቱ አገጭ ሥር ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

“መንቀል አይሻልም?” መንቀልም ህክምና ነው። ሊድን የማይችል ጥርስ አለ፤ አቅም የማይፈቅድለት ሰውም አለ። ነገር ግን ከተነቀለ በኋላ ጎረቤቱ ጥርስ ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብል፣ ተቃራኒውም ሊረዝም እንደሚችል ይነገረው። ዋጋውንም ከነመጨረሻው ሽፋን ደምረን ከመጀመሩ በፊት እንንገረው። ግማሽ መንገድ ላይ ገንዘብ ያለቀበት ታካሚ አይመለስም።

“ነርቩ የወጣ ጥርስ ሌላ በሽታ ያመጣል አሉኝ።” ይህ ወሬ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረ ግምት ትርፍ ነው። በኋላ የመጡ ጥናቶች አልደገፉትም።

5. ከህክምናው በኋላ

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይሄንን ክፍል ነው። ውስጡ የተቦረቦረ የመንጋጋ ጥርስ ደካማ ነው፤ ቆሎ ወይም አጥንት ሊሰነጥቀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. አኩዊሊኖና ካፕላን ባወጡት ጥናት ሽፋን ወይም ክራውን ያልተደረገላቸው የታከሙ ጥርሶች ከተደረገላቸው ይልቅ በ6 እጥፍ ፍጥነት ጠፍተዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ የታከሙ ጥርሶችን የተከታተለ ጥናት ከ8 ዓመት በኋላ 97 በመቶዎቹ አፍ ውስጥ እንዳሉ አሳይቷል። ህክምናው በወጉ ካለቀ ይሠራል ማለት ነው።

ሌላው፣ የታከመ ጥርስ እንደገና ቢቦረቦር በህመም አያስጠነቅቅም። መቦረሽና በየጊዜው መታየት ይቀጥላል።

ማጠቃለያ

ታካሚው ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገር ሰምቶ ይሂድ እላለሁ። አንደኛ፣ “ህመሙ ይጠፋል፤ ጥርሱ ግን ገና አልዳነም።” ሁለተኛ፣ “ይሄ ሙሌት ጊዜያዊ ነው፤ በዚህ ጎን ጠንካራ ነገር አያኝኩ፣ ከወደቀ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።” ሦስተኛ፣ “መጨረሻው ሽፋኑ ነው።” ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እማማ ጥርሳቸው በተነቀለ ዕለት ሌላ የተቦረቦረ ጥርስ አየንባቸው። ገና ነርቩ ጋ አልደረሰም። በዚህ ጊዜ ቁጭ ብዬ አሁን ላነበባችሁት ሁሉ ያህል አስረዳኋቸው፤ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስቼ አሳየኋቸው። የገበያ ቀናቸውንም ጠይቄ ቀጠሮውን ከዚያ ውጪ አደረግሁት። በቀጠሯቸው ቀን እኔ ጋዋን ሳልለብስ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። “ዛሬስ ለምን እንደመጣሁ አውቃለሁ” አሉኝ።