ስሙ ሲጠራ ስለማይዞር ሕፃን

ከባቲ የሚወርደው መንገድ ከጅቡቲው መንገድ በሚገናኝባት በሚሌ ከተማ አንዲት እናት ማስቀደስ ትታ አገኘናት። ምክንያቱን ብንጠይቃት፥ የአራት ዓመት ልጅዋ ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ ስለሚጮኽ፥ «ምን ብትበድል ነው» ሲሉ ሰምታ መቅረትዋን ነገረችን። ልጁ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ በጣቱ አመልክቶ «እዩልኝ» አይልም፤ የጣሳ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ብሏታል።

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. የ11 ሕፃናትን ጠባይ መርምሮ ጽፏል። ከዚያ በኋላ በምዕራቡ ዓለም የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ነገሩን በእናት ፍቅር ማጣት አመካኝተው ነበር፤ ሐሜቱ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ ከአንጎል ዕድገት የሚመጣ እንደ ሆነ፥ የዘር ውርስም ትልቅ ድርሻ እንዳለው ታውቋል። ጌታችንስ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ፥ ምክንያቱን በእርሱም በወላጆቹም ኃጢአት ላይ አላደረገም። ይህን ለሕዝብ የምናነብ ካህናት ስለዚያች እናት ዝም ማለታችን ያሳፍራል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በገዛ ልጃቸው ምክንያት ተነሥተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። አዲስ አበባ ግን ከሚሌ ሩቅ ናት። ስለዚህ ትምህርቱ በወላጅ፥ በጎረቤትና በንስሐ አባት ላይ ይወድቃል።

በንባብ ቤት ተማሪው ግዕዙን ሳይዝ ወደ ውርድ ንባብ፥ ውርድ ንባቡንም ሳይዝ ወደ ቁም ንባብ አይሻገርም። ሰላምታ መስጠትም ለዚህ ልጅ እንዲሁ ነው። አስቀድሞ መምህሩ ከአጠገቡ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ልጁ በሚወደው ክዳን ይጫወት፤ ወደ ልጁ አንከባሎም ዝም ብሎ ይጠብቅ። ልጁ መልሶ ያንከባለለ ዕለት ተራ መቀበልን ጀመረ ማለት ነው። እጅ መስጠት ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ቃሉም ቀስ ብሎ ይከተላል። ንግግሩ አጭር ይሁን፤ «ና» ይበቃል። ዓይን ለዓይን እንዲያይ ፊቱን ይዞ ማዞር አይገባም፤ ያስጨንቀዋልና።

በቤተ ክርስቲያንም ከበሮ በማይመታበት ሰዓት ይምጣ፤ ሁልጊዜም በአንድ ስፍራ ይቀመጥ። ሥርዓታችን በየጊዜው ያው መሆኑ ለእንዲህ ያለ ልጅ ዕረፍት ነው። መስቀሉን በግድ ግንባሩ ላይ አናሳርፍ፤ በእጁ ቢነካው ምን ይጎድላል? ጠበልም አይከለከል፤ ነገር ግን እየጮኸ ይዞ መድፈቅ፥ ይልቁንም ማሰር፥ ሕክምናውንም ማስተው ከቶ አይገባም።

እናቲቱ ተመልሳለች። ልጁ እስከ አሁን መስቀል አልተሳለመም። ክዳኑን ግን ወደ ዲያቆኑ አንከባሎ፥ እስኪመለስለት እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።