ከባንኮኒ ጀርባ የተሠራ ፕሮግራም የማን ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሐሙሲት ሞባይል የሚጠግንና ዘፈን የሚጭን ወጣት፣ ሥራው እንደ ዕለት ጉርስ ማግኛ ብቻ ይታይ ይሆናል። የቤተልሔም ደሴ መነሻም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በ1999 እ.ኤ.አ. በሐረር የተወለደችው ቤተልሔም፣ በ9 ዓመቷ ለልደቷ ገንዘብ ብትጠይቅ ከአባቷ ኪስ አልተገኘም። በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቪዲዮ ማቀናበር፣ ኮምፒዩተር መጠገንና ሶፍትዌር መጫን ያዘች፤ ገቢም አገኘች። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ላብስ፣ ልጆችን ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምር ሥራ አስተባበረች።

ለነጋዴው የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው። ሲ.ኤን.ኤን. በ2018 እ.ኤ.አ. እንደዘገበው፣ ቤተልሔም በ19 ዓመቷ በስሟ ብቻ የቅጂ መብት ያገኙ 4 ፕሮግራሞች ነበሯት። ጠጋኝ ዛሬ ካልሠራ ዛሬ ገቢ የለውም፤ ፕሮግራም ግን አንዴ ከተጻፈ የሁለተኛው ቅጂ ወጪ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ትርፉን የሚወስነው ባለቤትነቱ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ይሁንና በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። የሱቁን ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በቃል ብቻ ተዋውሎ ያሠራ ባለሱቅና የሠራለት ወጣት የሚጣሉት፣ ያው ፕሮግራም ለጎረቤት ሱቅ ሲሸጥ ነው። መሸጥ የሚችለው ማን እንደሆነ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት በውል ቢሠፍር ከሽምግልናው ወጪ ይረክሳል።