ስለ ኳንተም ዶት፦ ብርሃኑና መርዙ

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት መነሻው አንድ ጥያቄ ነው። ለልምምድ ማስተማር በወጣንበት ሰሞን ስለ ሕዋስ ስናስተምር፣ የዛሬ ተመራማሪዎች ሕዋስን እንደ ኩራዝ በሚያበሩ ደቃቅ ነቁጦች እየለዩ እንደሚያዩ በኩራት ተናገርን። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ታይቶ ካበቃ በኋላስ ነቁጡ ወዴት ይሄዳል?» አለች። እኛም ቸኩለን፣ «በጣም ትንሽ ስለሆነ ምንም አያደርግም» ብለን አለፍን። መልሳችን ስሕተት ነበር። ትክክለኛውን መልስ ፈልገን እነሆ።

1. ምንነቱ

ኳንተም ዶት፣ ማለትም ኳንተም ነቁጥ፣ ከሴሚኮንዳክተር የተሠራ እጅግ ደቃቅ ክሪስታል ነው። ስፋቱ ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በሕዋስ ጥናት የታወቀው ዓይነት ከካድሚየምና ከሴሌኒየም የሚሠራው ነው። አልትራቫዮሌት ወይም ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት የራሱን ቀለም መልሶ ያበራል። ቀለሙን የሚወስነው መጠኑ ነው። ይኸውም ያው ካድሚየም ሴሌናይድ 2 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ሰማያዊ፣ 6 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ቀይ ያደላል።

ይህን ለክፍል ለማስረዳት ማሲንቆ ይበቃል። ክሩ አንድ ነው፤ አዝማሪው በጣቱ እየተጫነ የሚርገበገበውን ክፍል ሲያሳጥረው ግን ድምፁ ይቀጥናል። እንደዚሁም ኤሌክትሮኑ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ሲጠብ የሚወጣው ብርሃን ኃይል ከፍ ይላል፤ ቀለሙም ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

ይህን ጠባይ በሶቪየት ኅብረት አሌክሲ ኤኪሞቭ እ.ኤ.አ. በ1981 በመስታወት ውስጥ፣ በአሜሪካ ሉዊስ ብሩስ በ1983 በፈሳሽ ውስጥ አሳዩ። ሙንጂ ባዌንዲ ደግሞ በ1993 መጠናቸው የተስተካከለ ክሪስታሎች የሚሠሩበትን ዘዴ አገኘ። ሦስቱም በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

2. ጥቅሙ

ሕዋስን በማይክሮስኮፕ ለማየት የቆየው ዘዴ በሚያበራ ማቅለሚያ መንከር ነው። ችግሩ ግን ብዙዎቹ ማቅለሚያዎች ብርሃን ሲበዛባቸው ቶሎ ይደበዝዛሉ። ኳንተም ዶት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ያበራል። ከዚህም በላይ በአንድ የብርሃን ምንጭ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸውን ነቁጦች በየቀለማቸው ማብራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ነቁጦቹን ከሕይወታዊ ሞለኪውሎች ጋር አያይዘው በሕዋስ ጥናት እንደሚያገለግሉ አሳዩ። በ2004 ደግሞ በአይጥ ሰውነት ውስጥ ያለ የካንሰር ዕጢ በእነዚሁ ነቁጦች ታየ።

3. ጉዳቱ

ታዲያ መርዙ ከየት መጣ? ከካድሚየሙ ነው። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ተጠራቅሞ ለዓመታት የሚቆይ ብረት ነው። በጃፓን በጂንዙ ወንዝ አካባቢ ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም በውኃው አድርጎ ወደ ሩዝ ማሳ ገባ። የሕዝቡን ኩላሊትና አጥንት ጎዳ። በሽታው «ኢታይ ኢታይ»፣ ማለትም «ያመኛል ያመኛል» ተባለ። የጃፓን መንግሥት በ1968 መንስኤው ካድሚየም መሆኑን አምኖ ተቀበለ።

በነቁጡ ውስጥ ካድሚየሙ ከሴሌኒየም ጋር ታስሮ ሳለ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። አየር ወይም አልትራቫዮሌት ጨረር ገጹን ሲበላው ግን የካድሚየም አዮን ይለቀቃል፤ የሕዋሱንም ፕሮቲኖች እየያዘ ሥራቸውን ያውካል። የእኛም ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። ድፍን አሞሌ ጨው ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ሲፈጭ ግን ወዲያው ያልቃል። ደቃቅ ነገር ለአካባቢው የሚያጋልጠው ገጽ ብዙ ነው። እንግዲህ ትንሽነቱ ብቻውን ደኅንነቱን አያረጋግጥም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ የተደረገ ጥናት በጉበት ሕዋሳት ላይ ይህንኑ አሳየ። ነቁጦቹ ለአየር ወይም ለአልትራቫዮሌት ጨረር ሲጋለጡ ሕዋሳቱን ገደሉ። በዚንክ ሰልፋይድ ሲሸፈኑ ከአየር የሚመጣው ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ፤ ጨረሩን ግን ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ አልመከተም። ይሁን እንጂ በሚገባ የተሸፈኑት ሕዋሳቱን ሳይጎዱ እንቅስቃሴያቸውን ለመከታተል አገለገሉ።

4. ቋጠሮው

«እንግዲያው ሽፋኑን ማወፈር ነዋ!» የሚል ይኖራል። እኛም እንደዚያ ብለን ነበር። ዳሩ ግን ሽፋን ሲጨመር ነቁጡ ይተልቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በእንስሳት ደም ውስጥ ከገቡት ነቁጦች በኩላሊት ተጣርተው ከሽንት ጋር ቶሎ የወጡት በፈሳሽ ውስጥ ያላቸው ስፋት ከ5.5 ናኖሜትር ያነሰ ብቻ ናቸው። ከዚያ የተለቁት በሰውነት ውስጥ ይቀራሉ። ሕዋሱን ከመርዙ የሚጠብቀው ሽፋን መርዙን ከነማሰሮው በሰውነት ውስጥ ያስቀረዋል ማለት ነው።

በ2012 በዝንጀሮ መሰል እንስሳት ላይ የተደረገ ጥናት እስከ 90 ቀን ድረስ የሕመም ምልክት አላገኘም። ነገር ግን የገባው ካድሚየም አብዛኛው በጉበት፣ በጣፊያና በኩላሊት ውስጥ እንዳለ ተገኘ። 90 ቀን ለሚያበራው ነገር ብዙ ነው፤ ለካድሚየም ግን ምንም አይደለም።

ስለሆነም ካድሚየም ያለበት ኳንተም ዶት አገልግሎቱ በላቦራቶሪ ነው፤ በሰው ደም ውስጥ ገብቶ ለተለመደ የሆስፒታል ምርመራ አይውልም። ተመራማሪዎች ከኢንዲየም ፎስፋይድ፣ ከሲሊኮንና ከካርቦን የተሠሩ ነቁጦችን እየሞከሩ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ካድሚየም ስለሌለባቸው ብቻ ደኅና ናቸው አይባልም፤ እያንዳንዱ በመጠኑ፣ በሽፋኑና በሚሰጠው ልክ መመርመር አለበት።

5. ለተማሪዋ የሚገባው መልስ

«ሽፋኑ ደኅና ሆኖ በጣም ትንሽ ከሆነ ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ከተለቀ በጉበትና በጣፊያ ይቀራል፤ ሽፋኑ ከተበላ ካድሚየሙ ሕዋሱን ይጎዳል።» ይህን ጽፈን፣ የቀድሞው መልሳችን ስሕተት እንደነበረ ጨምረን፣ ለክፍሉ መምህር ልከናል። እጩ መምህራን ሆይ! የአዲስ ነገርን ብርሃን ስናስተምር ማብቂያውንም አብረን እናስተምር። የማናውቀውን ስንጠየቅም «አይቼ እመልስልሻለሁ» ማለት ነውር የለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የነቁጡ መጠን ሲያንስ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚሄደው ለምንድን ነው? በማሲንቆ ወይም በክራር አስረዱ።

ለ. አንድ ድፍንና አንድ የተፈጨ እኩል ጨው በሁለት ብርጭቆ ውኃ ጨምሩ። የትኛው ቀድሞ ይሟሟል? ከነቁጡ ገጽ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሐ. ሽፋኑን ማወፈር ምን ያተርፋል? ምንስ ያከስራል?