በቤት የሚቀር የእንኳን አደረሳችሁ

በዓል በመጣ ቁጥር ስለምንለዋወጠው የመልካም ምኞት ካርድ በዚህ ትምህርት ጥቂት እንመለከታለን።

በአገራችን የእንኳን አደረሳችሁ ወረቀት ከማተሚያ ቤት ብቻ የመጣ አይደለም። እንቁጣጣሽ ሲጠባ ወንዶች ልጆች ራሳቸው ቀለም የቀቡትን የአበባና የመልአክ ሥዕል፣ ልጃገረዶች ደግሞ ዐደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው በየጎረቤቱ ይዞራሉ። የታተመው ካርድ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ እንግሊዛዊ ለገና ለሚደርሱት ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ መጻፍ ስለ ከበደው፣ ሥዕል አሠርቶ አንድ ሺህ ያህል ቅጂ በለንደን አሳተመ። እንግዲህ ካርድ ከመነሻው የላኪው ድካም መቆጠቢያ ነበር ማለት ነው። ይህን ስንል ካርድን መንቀፋችን አይደለም፤ ሩቅ አገር ላለ ዘመድ በፖስታ ለመላክ ከእርሱ የሚቀል ነገር አናገኝም።

ጥያቄው የሚመጣው በበዓሉ ማግስት ነው። ተራ ወረቀት ቢሆን ምድጃ ያቀጣጥላል። በፕላስቲክ የተለበጠውና ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ግን ከምጣድ ሥር ቢገባ ጭሱ ጎጂ ነው፤ ቢጣልም ቶሎ አይበሰብስም። ሲከፈት የሚዘፍነውማ በውስጡ ትንሽ ክብ ባትሪ አለው፤ ሕፃን ቢውጠው ጉሮሮ የሚያቃጥል አደገኛ ነገር ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ መካከል በነበረችበት ጊዜ የብዙ ሰው ቤት ተዘርፏል፤ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽም በዚያው ውስጥ ዋለ። ጎጆውን ከባዶ ለሚያሟላ ጎረቤት በግድግዳ ከሚለጠፍ ወረቀት ይልቅ የዳቦ መሸፈኛ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ምኞቱን በዕቃው ላይ እንጻፈው እንላለን። ቀላሉ ጨርቅ ነው። ክንድ በክንድ የሆነ አቡጀዲ ቆርጦ ጠርዙን መቀምቀም፣ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን በእርሳስ መንደፍ፣ ከዚያም በጥልፍ ክር መሙላት ነው። ክሩ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ይፈተን፤ ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ትኩስ ዳቦ ላይ ጉድ ያደርጋል። ዓመተ ምሕረቱን ባንጽፍበት ይሻላል፤ ለከርሞም ያገለግላልና።

ስፌት የሚችሉ እኅቶች ትንሽ ሰፌድ ወይም ሙዳይ ቢሰፉ ከሁሉ ይበልጣል። ፊደሉን ቀለም በገባው አለላ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን ከሰፌዱ መካከል ዙሩ ጠባብ ስለሆነ ፊደሉ ይጨማደዳል፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ይሰፋል። ወስፌ መያዝ የማናውቅ ወንዶች (ብዙዎቻችን ነን) በደረቀ ቅል ላይ በጋለ ብረት መጻፍ አያቅተንም፤ ቅሉም የጨው ወይም የቅመም ማስቀመጫ ይሆናል።

አንድ ነገር ይታሰብበት። ስንደዶ የሚነቀለው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ነቅሎ፣ አድርቆ፣ ቀለም አግብቶ ለእንቁጣጣሽ ማድረስ ስለማይቻል፣ የዘንድሮው ስፌት ለገና ይሁን፤ ለእንቁጣጣሹ ጨርቁና ቅሉ ይበቃሉ። አቡጀዲውን በጋራ ብንገዛ ደግሞ ከአንድ ጣቃ ለብዙ ቤት ይደርሳል።